ቮልስ፦ የተሰበረ ቃል፣ የጎረምሳ የመጀመሪያ መኪና፣ የእኛ ጋራዥ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ማግስት፣ የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ከሥልጣን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ጽሑፍ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አነበቡላቸው። ከዚያ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። የተወሰዱት በሮልስ ሮይስ አይደለም፣ በቮልስዋገን ነው። መኪናዋ ባለ ሁለት በር ስለሆነች ከኋላ ለመቀመጥ የፊት ወንበር ይታጠፋል፣ ጎንበስ ይባላል። ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁልጊዜ አንድ እጅ ይወጣል፦ «ቲቸር፣ ለምን በቮልስ?»

አጭሩ መልስ፣ ቮልስ ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምትታይ የተራ ሰው መኪና ስለነበረች ነው። ንጉሠ ነገሥትን በተራ ሰው መኪና ማውረድ ራሱን የቻለ መልእክት ነው። ረጅሙ መልስ ግን የመኪናዋ የራሷ ታሪክ ነው። ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ የአያቱን ቮልስ ወርሶ ምክር ሲጠይቀኝ ይህን ታሪክ እንደገና ማገላበጥ ጀመርኩ። ስለ ልጁ ወደ በኋላ እመጣለሁ። መጀመሪያ ታሪኩን።

፩. የተሰበረው ቃል

«ቮልስዋገን» ማለት በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ሒትለር ለጀርመን ሠራተኛ ርካሽ መኪና አሠራለሁ ብሎ ቃል ገባ። ንድፉን እንዲሠራ ፈርዲናንድ ፖርሸ ተቀጠረ። ዋጋውም 990 ማርክ ተባለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1938 የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ።

ዘዴው እንዲህ ነበር። ሠራተኛው በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈለ ቴምብር ይገዛል፣ ቴምብሩን ደብተር ላይ ይለጥፋል። ደብተሩ ሲሞላ መኪና ይወስዳል። ወደ 336 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ቆጠቡ። ስንቱ መኪና ወሰደ? አንድም! ጦርነቱ ጀመረና ፋብሪካው የጦር መኪና መሥራት ጀመረ። የሚሠሩትም በሺዎች የሚቆጠሩ፣ ከተያዙ አገሮች በግዳጅ የመጡ ሰዎችና እስረኞች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ቆጣቢዎቹ ፍርድ ቤት ሄደው ለዓመታት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 በስምምነት ሲያልቅ ያገኙት አዲስ ቮልስ ሲገዙ እስከ 600 ማርክ ቅናሽ፣ ወይም 100 ማርክ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ዛሬ «የምታምር፣ ቆንጆ፣ አሻንጉሊት የመሰለች» የምንላት መኪና ከክፉ ዘመን የወጣች ናት። ታሪክ ስናነብ የምንወደውን ነገር መነሻም ማየት አለብን።

ፖርሸ ግን አንድ ነገር በደንብ አስቦበት ነበር። መኪናዋን የሚገዛው ሠራተኛ ጋራዥ የለውም፣ ደጅ ነው የሚያቆመው። በጀርመን ክረምት ውሃ ይረጋል፤ የረጋ ውሃ ደግሞ ሞተር ይሰነጥቃል። ስለዚህ ሞተሩ በውሃ ሳይሆን በአየር እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። ራዲያተር የለም፣ የውሃ ፓምፕ የለም፣ የውሃ ቱቦ የለም። አንድ ትልቅ ፋን በቺንጋ እየተሽከረከረ አየር ይነፋል፣ በቃ። በዚህ ሐሳብ ፖርሸ የመጀመሪያው አልነበረም። የቼኮዝሎቫኪያው ታትራ ኩባንያ ተመሳሳይ መኪና ስለነበረው ከሷል፣ ከጦርነቱ በኋላም ካሳ ተከፍሎታል።

፪. የእንግሊዙ ሻለቃ

ጦርነቱ ሲያልቅ ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር ይዞታ ሥር ወደቀ። በቦምብ የተመታ፣ ግማሽ ጣሪያ የሌለው ነገር ነው። ኢቫን ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ ሻለቃ በነሐሴ 1945 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ተመደበ። ሰውየው መሐንዲስ ነው። አንዷን መኪና የወታደር ቀለም አስቀብቶ ለአለቆቹ ላከላቸው። ለጦሩ መኪና ስላጠራቸው 20 ሺህ እንዲሠራ አዘዙ። ፋብሪካው ከመፍረስ የዳነው በዚህ ነው።

የሚገርመው፣ የእንግሊዝ መኪና አምራቾች ፋብሪካውን አይተው አልፈለጉትም። መኪናዋ አስቀያሚ ናት፣ ትጮሃለች፣ ገዢ አታገኝም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሃይንሪክ ኖርድሆፍ የሚባል ጀርመናዊ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። የዚህ ሰው ፖሊሲ ለዛሬው ጽሑፌ ቁልፍ ነው፦ ቅርጿን አትቀይሩ፣ ውስጧን በየዓመቱ አሻሽሉ፤ መኪና ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ የሚጠግንና መለዋወጫ ያለው ቤት ይኑር። ሌሎች ኩባንያዎች በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ሲያወጡ ቮልስ ያው ቮልስ ሆና ቀጠለች። ስለዚህ ብዙው ዕቃ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ይገጥማል። ያንዷ በር ለሌላዋ ይሆናል። ይህ ነገር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለአንድ ደሃ ጎረምሳ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1972 ቮልስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ ከተማ ስትወጣ ጠቅላላ ቁጥሩ 21,529,464 ደረሰ።

፫. የጎረምሳ የመጀመሪያ መኪና

አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ የተሸጡት ሁለት ቮልሶች ብቻ ነበሩ። በ1968 ግን በአንድ ዓመት ከ400 ሺህ በላይ ተሸጡ። አዲስ የገዛው ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሸጣል፣ ሁለተኛው ባለቤት ይነዳታል፣ ሦስተኛው እጅ ላይ ስትደርስ ዋጋዋ የበጋ እረፍት የሠራ ተማሪ የሚችለው ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ያ ሁሉ ሕፃን ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ዕድሜ ደርሷል። ስለዚህ በሺዎች ለሚቆጠሩ የአሜሪካ ልጆች የመጀመሪያ መኪና ማለት ያረጀች ቮልስ ማለት ሆነ። ብራዚል «ፉስካ»፣ ሜክሲኮ «ቮቾ» ብለው የየራሳቸው ልጅ አደረጓት።

ልጅ፣ አሮጌ መኪና፣ ባዶ ኪስ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው።

ጆን ሙር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። ሎክሂድ አውሮፕላን ፋብሪካ ሠርቷል። ያንን ኑሮ ትቶ ኒው ሜክሲኮ ገብቶ ቮልስ መጠገን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1969 «ቮልስዋገንህን በሕይወት እንዴት ታቆያለህ» የሚል መጽሐፍ በራሱ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው ለመካኒክ አይደለም፤ መፍቻ ይዞ ለማያውቅ ሰው ነው። ሥዕሉን ፒተር አሽዋንደን በእጁ ሣለው። ገጾቹ በሽቦ የተያያዙ ስለነበሩ መጽሐፉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ እጅህ ግሪስ ሆኖ ገጽ መያዝ አይጠበቅብህም። ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሙር እ.ኤ.አ. በ1977 ቢያርፍም መጽሐፉ እየታደሰ መታተሙን ቀጠለ።

እኔን የሚያስደንቀኝ የመጽሐፉ ሐሳብ ነው። የኩባንያው የጥገና መመሪያ «ይህን ፍታ፣ ያን እሰር» ነው የሚለው። ሙር ግን መጀመሪያ አዳምጥ፣ አሽት፣ ዳስስ ይላል። ከዚያ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂድ። ብር ከማውጣትህ በፊት ጊዜህን አውጣ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ገንዘብ የለውም፣ ጊዜ ግን አለው።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ታሪክ የናፍቆት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ከራልፍ ናደር ጋር የሚሠሩ የመኪና ደኅንነት ተሟጋቾች በቮልስ አደገኛነት ላይ መጽሐፍ አውጥተዋል። የነዳጅ ታንከሩ ከፊት፣ ከእግር በላይ ነው። የድሮዎቹ የኋላ እግር አሠራር በፍጥነት ኩርባ ሲዞሩ መኪናዋን ሊያነሳት ይችላል። ይህን የማያውቅ ልጅ ቁልፍ ሲቀበል የሚያየው ደስታውን ብቻ ነው።

፬. የእኛ ቮልስ

ወደ አገራችን እንምጣ። እኛ ጋ ቮልስ አሁንም አለች። አዲስ አበባ ውስጥ ቆም ብላችሁ ብትቆጥሩ ብዙ ሳትቆዩ አንዷ እየተንጣጣች ታልፋለች። ለምን አልጠፋችም? አንዱ ምክንያት የምታውቁት ነው፣ መኪና ውድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ እዚህ ያለው አሮጌ መኪና እዚሁ እየተጠገነ ይኖራል እንጂ የሚጣል ነገር የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የጋራዦቻችን ዕውቀት ነው። እስቲ የጋራዥ ቃላቶቻችንን ስሙ፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቦቢና፣ ቺንጋ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሬን። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን ተባረረ፣ ቃሉ ግን ከመፍቻው ጋር ቀረ። የአገራችን መካኒክ ሙያውን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ጋራዥ በልጅነቱ ገብቶ፣ መፍቻ እያቀበለ፣ እየተቆጣ፣ በዓይኑና በጆሮው ነው። ዕውቀቱ ትልቅ ነው። ችግሩ አልተጻፈም። የሚያውቀው ሰው ሲያርፍ አብሮት ይቀበራል።

ይሄ እንግዲህ ወደ ልጁ ያመጣኛል።

፭. የአያት መኪና

ተማሪዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አያቱ ሲያርፉ የ1969 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ወረሰ። አጋጣሚ ሆኖ የሙር መጽሐፍ የታተመበት ዓመት ነው። መኪናዋ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ረጅም ጊዜ ቆማለች። ትነሳለች፣ ግን ስትሞቅ ጉልበት ታጣለች። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ እንኳ ታቃስታለች። ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ማርሚታዋ ፓፍ ፓፍ ይላል።

አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ሳይከፍቱ፣ ሳይለኩ፣ ድምጿን ሰምተው ብቻ «ሞተሩ አልቋል፤ ይወረድና ፒስተን፣ ፋሻ፣ ሁሉም ይቀየር» አሉት። የጠሩት ዋጋ አባቱ የሚችለው አልነበረም። በማግስቱ አንድ ደላላ «ሞተሯ የሞተ መኪና ነው» ብሎ በወረደ ዋጋ ሊገዛ መጣ። ልጁ ሊሸጥ ነው። «ቲቸር፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ደወለልኝ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ መካኒክ አይደለሁም። ግን በታሪክ ትምህርት «ምንጭህ ምንድነው?» ብለን ነው የምንጀምረው። ጋራዡ ማስረጃ አላሳየም፣ ግምት ነው የሰጠው። ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ፣ በቮልስ ያረጁ አንድ መካኒክ አሉ። ልጁን ይዤ ሄድኩ።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሞተሩ አይደለም። «ልጄ፣ ቫልቩ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው?» አሉት። የሚያውቅ የለም። «እንግዲያው ዛሬ አናስነሳትም። ሞተሩ በርዶ ይደር፣ ነገ ጠዋት እንገናኝ» አሉ። ለምን መሰላችሁ? የቮልስ ቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። በትኩስ ሞተር የተለካ ልኬት ውሸት ነው።

በማግስቱ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈቱት፤ አንድ ሽቦ ብቻ ነው የሚይዘው። የዚህ ሞተር ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከደብተር ወረቀት ጥቂት ወፈር የሚል ነገር ነው። መለኪያውን እያስገቡ አንድ በአንድ አዩ። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጋ ሲደርሱ መለኪያው አልገባ አለ። ክፍተት የለም፣ ዜሮ።

«እዚሁ እንደሚሆን ገምቼ ነበር» አሉ። እንዴት አወቁ? በዚያ ዘመን ቮልስ የዘይት ማቀዝቀዣው ፋኑ በሚነፋው አየር መንገድ ላይ ቆሟል፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ከጀርባው ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል፣ ቫልቩም ቶሎ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ሌላ ቦታ ያዞረው ለዚህ ነው።

አሁን ምክንያቱን ተከተሉ። ክፍተት የሌለው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ካልዘጋ የታመቀው አየር ይሾልካል፣ ጉልበት ይጠፋል። ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ይብሳል፤ «ስትሞቅ ጉልበት ታጣለች» ያለው ይሄ ነው። በተጨማሪ፣ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ሲዘጋ ከመቀመጫው ጋር በመነካካት ነው። ካልተነካካ ይቃጠላል። ተቃጥሎ ከተሰበረ ፒስተኑን ይመታል፣ ያኔ በእውነት ሞተር አለቀ ማለት ነው። ጋራዡ የሰማው ድምፅ እውነት ነበር፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነበር።

ቫልቮቹን ካስተካከሉ በኋላ ቀጠሉ። ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል። የካንዴላ ቀለም ሰነድ ነው ወዳጆቼ። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ዘይት የነካው ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ነጭ ከሆነ በጣም ይሞቃል ማለት ነው። የዚህች ደረቅ ጥቁር ነው፤ ዘይት የለበትም። ይሄ ራሱ «ፋሻው አልቋል» ለሚለው ምስክርነት መልስ ነው።

ቤንዚን ለምን በዛ? የአየር ማጣሪያው ውስጥ ያለው ዘይት ጭቃ ሆኗል። ሌላም ምክንያት አለ። መኪናዋ የተሠራችው ቮልፍስበርግ፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል አገር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፣ ለባሕር ዳርቻ የተለካ ቤንዚን ይሰጣል። ድሮ ያወቁ መካኒኮች ቤንዚን የምትለካዋን ትንሿን ቀዳዳ በጠበበች ይቀይሯት ነበር። ጋሼም ቀየሯት። «ወደ ቆላ ረጅም መንገድ ስትሄድ ግን የድሮዋን መልስ፤ አለዚያ ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ይነዳል» አሉት።

ፑንቲናው ተበልቷል፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ወደሚሆነው ተስተካከለና አዲስ ተገጠመ። የዘይት ማጣሪያ ይለወጥ ያልን ጊዜ ሳቁ። የዚህች መኪና ሞተር ወንፊት እንጂ እንደ ዘመናዊ መኪና ማጣሪያ የለውም፤ የሚይዘውም ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው። ስለዚህ ዘይቷ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። በዘይት የሚቆጥብ ቮልስ አይንዳ።

በመጨረሻ የሲሊንደሮቹ ግፊት ተለካ። ሦስቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ ሦስተኛው ትንሽ ዝቅ ይላል። ጋሼ ልጁን ቁጭ አድርገው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ አሁን ትሄዳለች። ግን አልዳነችም፣ ታማ ያገገመች ናት። ጥቂት ከነዳህ በኋላ በርዳ አድራ ይህን ቫልቭ ለካ። ክፍተቱ ከያዘ እሰየው። እንደገና ከጠበበ ቫልቩ እየተሳበ ነው፤ ያኔ አትንዳት፣ ቴስታታው ይወርዳል።» ሁለት ጊዜ ተለካ። እስካሁን ይዟል።

መኪናዋ አልተሸጠችም።

፮. ለአሮጌ መኪና ወራሾች

ልጅ ወይም ታናሽ ወንድም አሮጌ መኪና ሊነዳ ከሆነ ይህን ያዙ። ጋሼ ሞተሩን ከጨረሱ በኋላ ለልጁ ቁልፉን አልሰጡትም ነበር። «መሄዷን አየን፣ መቆሟንስ?» አሉ። ጎማዎቹን አውጥተው ሲያዩ የኋላው አንዱ የፍሬን ዘይት ያፈስ ነበር። ብዙ የድሮ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም እግር ፍሬን ያጣል። ከእንጦጦ ሲወርዱ ይህ ቢገጥመው አስቡት። የልጁ ትኩረት ጉልበት ላይ ነበር፣ የአባቱም ዋጋው ላይ። ሁለቱም ፍሬኑን አላሰቡም።

ሌሎቹን በአጭሩ፦

አንደኛ፣ የቤንዚን ጎማ ቱቦ። ከደረቀና ከተሰነጠቀ ሳይዘገይ ይቀየር፤ ቱቦው ከትኩስ ሞተር በላይ ነው ያለው። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የባትሪው ክዳን ከጠፋ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ራስ ነክቶ እሳት ያስነሳል። ክዳን አድርጉለት።

ሦስተኛ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የጀነሬተር መብራት ስትነዱ ከበራ ወዲያው ቁሙ። በሌላ መኪና «ባትሪ አይሞላም» ማለት ነው፣ ቤት ድረስ ትደርሳላችሁ። በቮልስ ግን ጀነሬተሩንም ፋኑንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ የሚያቀዘቅዘው የለም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። «ቮልስ ውሃ ስለሌላት አትሞቅም» የሚለው የሰፈር ወሬ ብዙ ሞተር አቃጥሏል።

አራተኛ፣ ማሞቂያው። የቮልስ ማሞቂያ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ቧንቧ ዙሪያ እያሳለፈ ነው። ቧንቧው ከተበሳ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ውስጥ ይገባል። ማሞቂያ ስትከፍቱ ራስ ምታት ወይም እንቅልፍ ከመጣባችሁ ዝጉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሳታስጠግኑ አትመለሱበት።

አምስተኛ፣ ወለሉ። ምንጣፉን አንስታችሁ እዩ፣ በተለይ ባትሪው አካባቢ። ሞተር አራት ቦታ ተፈትቶ ይወርዳል፣ በክሪክና በሁለት ሰው ይሆናል። የበሰበሰ ወለል ግን ሌላ ታሪክ ነው።

፯. ደብተሩ

ልጁን አንድ ነገር ብቻ አዝዤዋለሁ። ደብተር ግዛ አልኩት። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ምን ምልክት ታየ፣ ምን ተለካ፣ ስንት ሆነ፣ ምን ተቀየረ፣ ማን ሠራው። አያቱ ከ50 ዓመት በላይ ነድተዋታል፣ ግን አንድ መስመር ስላልተጻፈ «ቫልቩ መቼ ታየ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረም። አንድ ተራ መልስ ጠፍቶ መኪናዋ በደላላ እጅ ልትገባ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ደግሞ ከጋሼ ጋር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ የሚሉትን ይጽፋል፣ የሚያሳዩትን በስልኩ ይቀርፃል። አሁን አሥራ አምስት ገጽ ደርሷል። የእጅ ጽሑፉ እንደ ድሮው የማይነበብ ቢሆንም (ይቅርታ ልጄ፣ እውነት ነው) ሐሳቡ ንጹሕ ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ካርቡራተር የጻፈውን አነበበላቸው። ሁለት ቦታ አርመውት «እንዲህ ተጽፎ ሲነበብ ለካ እኔም አውቃለሁ!» አሉ።

የአሜሪካ ጎረምሶች ሙር ጻፈላቸው። እኛ ጋ ሙሮቹ አሉ፣ ግን በየሰፈሩ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ፣ የሚጠይቃቸው የለም። ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ቮልስ ብቻ አይደለም፤ የፔጆ 404፣ የላዳ፣ የዲኤክስ፣ የአይፋ ሊቃውንት አሉን። ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ ውስጥ ቴክኒክና ሙያ የገባችሁ፣ መካኒካል ኢንጂነሪንግ የጨረሳችሁ ብዙ ናችሁ። በየአካባቢያችሁ አንድ አዛውንት መካኒክ ፈልጉ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋችሁ ጻፉ። የታሪክ ሥራ የነገሥታትን ብቻ መመዝገብ አይደለም።

ቮልስ የነበራችሁ ወይም ያላችሁ፣ ቤታችሁ እንዴት እንደገባች፣ ማን ይጠግናት እንደነበር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የመካኒኩን ስም ሳይሆን ብልሃቱን ጻፉ። ልጁ ኮሜንቶቹን እያነበበ ደብተሩ ላይ ይገለብጣቸዋል፤ ቃል አስገብቼዋለሁ።

መልካም ሳምንት!